ባሕር ዳር ተቀምጦ የሳይንስ ልብ ወለድ አክሽን ፊገር እንዴት ይሰበሰባል፣ እንዴትስ ይሟገቱበታል

በባሕር ዳር ተቀምጦ የሳይንስ ልብ ወለድ አክሽን ፊገር፣ ማለትም መገጣጠሚያው የሚታጠፍ ትንሽ የገጸ ባሕርይ አሻንጉሊት፣ መሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊቀበለው የሚገባው ነገር ሁሉንም ሊያገኝ እንደማይችል ነው። በከተማችን ለዚህ ብቻ የተከፈተ ሱቅ አላጋጠመኝም፤ ዕቃው የሚመጣው ከውጭ በሚገባ ዘመድ ሻንጣ፣ ከመርካቶ በተላከ ካርቶን፣ አለዚያም ቅዳሜ ገበያ ላይ ከአሮጌ ቻርጀርና እጀታው ከወለቀ ድስት ጋር ተደባልቆ ነው። ያገኘውን ሁሉ የሚያግበሰብስ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጆንያ ፕላስቲክ ይኖረዋል እንጂ ስብስብ አይኖረውም። ስለዚህ «የትኛውን ልግዛ?» ከማለት በፊት «በየትኛው ክርክር ላይ ማስረጃ ልያዝ?» ብሎ መነሣት ይበጃል፤ ጥያቄው ከታወቀ የሚገዛውም የሚታለፈውም ዕቃ ራሱን ያሳያል።

እኔ የያዝሁት ጥያቄ «ታሪኩ አሻንጉሊቱን ወለደ ወይስ አሻንጉሊቱ ታሪኩን?» የሚል ነው። ሌላው ሰው «ለሮቦት እንዴት ያለ ፊት ተሰጠው?» ወይም «የጠፈር ልብስ በየዘመኑ እንዴት ተለወጠ?» ብሎ ሊጀምር ይችላል፤ ብቻ ጥያቄው በሦስትና በአራት ዕቃ መመለስ የሚጀምር ይሁን። ከዚህ በታች የራሴን ጥያቄ እንደ ምሳሌ እጠቀምበታለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«አክሽን ፊገር» የሚለው ስም ራሱ ከንግድ ብልሃት የተወለደ ነው። ሃዝብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1964 ጂ.አይ. ጆ የተሰኘውን 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ወታደር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ለወንድ ልጅ አሻንጉሊት የሚገዛ ወላጅ አይገኝም የሚል ሥጋት ስለ ነበረበት፣ ያንን ቃል ትቶ «አክሽን ፊገር» አለው። እናቴ ዛሬም ድረስ «አሻንጉሊቶችህን ከቡፌው ላይ አንሣልኝ» ነው የምትለው፤ ብልሃቱ በእኛ ቤት አልሠራም።

ታሪኩ ቀድሞ ዕቃው ለተከተለበት ወገን ዋናው ምስክር ስታር ዋርስ የተሰኘው የጠፈር ጦርነት ፊልም ነው። ፊልሙ ሜይ 25 ቀን 1977 ሲወጣ የአሻንጉሊት ፈቃዱን የያዘው ኬነር የተባለ ኩባንያ ለሽያጭ የደረሰ አንድም ፊገር አልነበረውም፤ የገና ገበያ ሲደርስም የሸጠው ባዶ የካርቶን ማሳያና ዕቃው በፖስታ እንደሚላክ ቃል የሚገባ ወረቀት ነበር። ሉክ ስካይዎከር፣ ልዕልት ሌያ፣ ቹባካና አር ቱ ዲ ቱ በየልጆቹ ቤት የደረሱት 1978 ከገባ በኋላ ነው። ሰው መሰል የሆኑት 9.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት አላቸው፤ የሚታጠፉትም በአምስት ቦታ ብቻ፣ ማለትም በአንገት፣ በሁለቱ ትከሻና በሁለቱ ዳሌ ነው። ቁመታቸው ማጠሩ ደግሞ ለጠፈር መርከቦቹ ጠቀመ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ለሚረዝም ሉክ የሚሆን መርከብ ቢሠራ ቡፌ ቀርቶ ሳሎንም አይበቃውም ነበር።

ለተቃራኒው ወገን የሚቆመው ትራንስፎርመርስ ነው። ሃዝብሮ በ1984 ለገበያ ያቀረባቸው መኪና ሆነው ሮቦት የሚሆኑ ዕቃዎች ታካራ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዳያክሎንና ማይክሮ ቼንጅ በሚሉ ስሞች አስቀድሞ ይሸጣቸው የነበሩ ናቸው፤ ስምና ጠባይ፣ ወዳጅና ጠላት የተሰጣቸው አሜሪካ ከገቡ በኋላ ነው። ማቴል የተባለው ኩባንያ በ1982 ያወጣው ሂ-ማን የተሰኘ ጀግናም እንዲሁ ነው፤ ታሪኩ በዕቃው ማሸጊያ ውስጥ በትንሽ የሥዕል መጽሐፍ ተጠቅልሎ መጣ፣ የቴሌቪዥኑ ተከታታይ ግን የተከተለው በዓመቱ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመኝ በ1986ቱ የትራንስፎርመርስ ፊልም ላይ የሆነው ነው። የጀግኖቹ አለቃ ኦፕቲመስ ፕራይም ገና ፊልሙ ሳይጋመስ ሞተ፤ የሞተውም አዳዲስ ዕቃዎች መደርደሪያው ላይ ቦታ እንዲያገኙ ነበር። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው «አክተሩ አይሞትም» የሚለውን ሕግ ስለሚያውቅ ነገሩ ምን ያህል ድፍረት እንደ ነበረ ይገባዋል። ልጆቹ አልቅሰው፣ ወላጆች ተቆጥተው፣ በ1987 አክተሩ በቴሌቪዥኑ ተከታታይ ከሞት ተነሣ። ከዚህ ወዲህ «አሻንጉሊቱ ታሪኩን አይገዛም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የኦፕቲመስን መኪና ጠረጴዛው ላይ አቆምና ይህን እነግረዋለሁ።

ጥያቄው ከተያዘ ቀጥሎ የሚወሰነው ልክ ነው። በገበያው ላይ ዋና ዋናዎቹ ልኮች አራት ናቸው፤ 9.5 ሳንቲ ሜትር የሆነው፣ ሃዝብሮ በ2013 በጀመረው ብላክ ሲሪስ በተሰኘ ተከታታይ ምርት ይበልጥ የተስፋፋው 15 ሳንቲ ሜትር፣ ኔካ የተባለው ኩባንያ የፊልም ጭራቆቹን ኤሊየንንና ፕሬዳተርን የሚሠራበት 18 ሳንቲ ሜትር፣ እንዲሁም ሆት ቶይስ የተባለው ኩባንያ የሚታወቅበት 30 ሳንቲ ሜትር። የመጨረሻው እጅግ የተዋበ ነው፤ ዋጋውም ለእኛ አይቀመስም። እኔ የምመክረው 9.5 ሳንቲ ሜትሩን ነው፤ ምክንያቱም ዘመድ ሻንጣው ውስጥ በካልሲ ጠቅልሎ ሊያመጣው ይችላል፣ በቡፌ አንድ ደርብ ላይም ሠላሳው ይቆማል። ልክ መቀላቀል ግን አይገባም። 15 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሽፍታ ከ9.5 ሳንቲ ሜትር ጄዳይ (የስታር ዋርስ ተዋጊ) አጠገብ ሲቆም ክርክሩ ገና ሳይጀመር ጄዳዩ ተረትቷል።

ስለ መግዛት ብዙ የሚባል አለ። ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዲት እናት ከዘረጉት ሸራ ላይ፣ በሬዲዮ አንቴናና በሕፃን ጫማ መካከል፣ አንድ እጁ የጎደለ ነጭ ሮቦት አየሁ።

«እማማ፣ ይሄ ስንት ነው?»

«የፈረንጅ ነው ልጄ፤ ድሮ ይጮኽም ነበር። ሦስት መቶ ስጥ።»

«እማማ፣ እጁ እኮ የለም።»

«እጅ ቢኖረው አንተ ዘንድ ይመጣ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም፤ ግን ከመክፈሌ በፊት ገለበጥሁት፤ ማንም ሰብሳቢ ማድረግ ያለበትም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ከጀርባ፣ ከእግር ኋላና ከጫማ ሥር የታተመውን ጽሑፍ ያንብቡ። በቀደምቶቹ የኬነር ፊገሮች እግር ላይ «ጂ.ኤም.ኤፍ.ጂ.አይ. 1977» የሚል ምልክት ይገኛል፤ ይህም ኬነር በሥሩ የነበረበት የጄኔራል ሚልስ የመዝናኛ ክፍል ምሕጻረ ቃል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የታተመው ዓመት የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበበት እንጂ ዕቃው የተሠራበት አይደለም። ከላይ እንዳልሁት በ1977 ለገዢ የደረሰ ፊገር የለም፤ ሆኖም 1977 የሚል እግር ሞልቷል። ሁለተኛ የባትሪ ቤት ካለው ይክፈቱት። የእኔ ሮቦት ባትሪው ፈስሶ ነጭ አረፋ መሰል ነገር ጋግሮበት ስለ ነበር ሦስት መቶው ወደ መቶ ሰማንያ ወረደ። ሦስተኛ መገጣጠሚያዎቹን በቀስታ ያንቀሳቅሱ፤ የደረቀውን አያስገድዱ።

የዓይን ቀለሙ ከዓይኑ ጉድጓድ ያለፈ፣ የሁለቱ ግማሽ አካል መጋጠሚያ እንደ ቢላዋ ስለት የሚቧጥጥ፣ ወይም በአንድ ማሸጊያ ውስጥ የሁለት ኩባንያ ጀግኖችን ያሰለፈ ዕቃ ቅጂ ሳይሆን አይቀርም። በድሮዎቹ ፊገሮች ላይ የሚቸግረው ዋናው አካል ሳይሆን መሣሪያው ነው፤ ትንንሾቹ ጠመንጃዎች ጠፍተው በአዲስ ቅጂ ይተካሉ። እኔም አንድ ጊዜ በስልክ ከተዋወቅሁት ሻጭ «ሙሉ ነው» የተባለ ፊገር ገዝቼ ጠመንጃው ቅጂ ሆኖ አገኘሁት። ብዙ ሰብሳቢ የኬነርን ጠመንጃ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይጥለዋል፤ ከተንሳፈፈ እውነተኛ ነው፣ ከሰጠመ ቅጂ ነው ይላል። ፈተናው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የሚንሳፈፍ ቅጂም ስለሚሠራ ብቻውን አይፈርድም።

ቅጂ ሁሉ ግን ይጣል ማለት አይደለም፤ በዚህ ነገር ከጓደኞቼ ጋር ሁልጊዜ አልስማማም። በ1980ዎቹ ቱርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ የተሠሩት «ኡዛይ» የተባሉ የስታር ዋርስ ቅጂዎች ስማቸው የተዛባ፣ ቀለማቸው የተሳሳተ ነበር፤ ዛሬ ግን ከብዙ እውነተኛ ዕቃ ይልቅ በውድ ዋጋ የሚፈለጉ ናቸው። የእኛ ገበያ ላይ ደረቱ የአንዱ፣ ራሱ የሌላው ሆኖ የሚሸጠው ሮቦትም የዚህ ዘመን የባሕር ዳር ልጅ በእጁ የያዘው እውነተኛው ዕቃ ነው። ስለዚህ በዓመት ሁለት ሦስቱን እገዛለሁ፤ ቀኑን፣ ዋጋውንና የተገዛበትን ቦታ በወረቀት ጽፌ እግሩ ላይ በክር አስራለሁ። በነገራችን ላይ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2015 ባወጣው፣ በኢትዮጵያ በተቀረጸውና ዳንኤል ታደሰ በሚተውንበት «ክረምብስ» በተሰኘው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ውስጥ፣ ዓለም ካለፈች በኋላ የተረፈው ሕዝብ የፕላስቲክ አሻንጉሊትን እንደ ክቡር ቅርስ ይይዛል። ከሣቅ ጋር ያየሁት ፊልም ነው፤ ማታ ቡፌውን ስከፍት ግን ሣቁ ቀነሰ።

ስለ ብርቅዬነት አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። ፕሌይሜትስ የተባለው ኩባንያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ስታር ትሬክ ከተሰኘው የጠፈር ተከታታይ ፊገሮቹ መካከል ጥቂቱን፣ በታሪኩ ውስጥ ያለችውን የጠፈር መርከብ ቁጥር ተከትሎ፣ በ1,701 ፍሬ ብቻ ወስኖ ሠራ። ሰብሳቢዎቹ ተቆጡ እንጂ አልተደሰቱም፤ ምክንያቱም ብርቅ የሆነው ዘመን ያጠፋው ሳይሆን ኩባንያው ሆን ብሎ የከለከለው ነበር። ጥያቄ ይዞ የሚሰበስብ ሰው እንዲህ ካለው ወጥመድ ነጻ ነው፤ ብርቁ ዕቃ ለጥያቄው መልስ ካልሰጠ ያልፈዋል።

አሁን ወደ ጥበቃው እንምጣ፤ ባሕር ዳር ላይ ይህ ከመግዛቱ ይከብዳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ከምትሞቀው በላይ ታቃጥላለች፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቡና የጣና እርጥበት ተባብረው ግድግዳውን ሳይቀር ያላቡታል። የመጀመሪያውን ነጭ ሮቦቴን ሐይቁን እንዲያይ ብዬ መስኮት ላይ አስቀምጬው ነበር፤ ከሁለት በጋ በኋላ ወደ ፀሐይ የነበረው ጎኑ የዝሆን ጥርስ መሰለ፣ ጀርባው ግን ነጭ እንደ ሆነ ቀረ። በዚህ ዓይነቱ ፕላስቲክ ላይ የሚታየው መወየብ ጨረሩ ከፕላስቲኩና እሳት እንዳይዘው ከሚጨመርበት ኬሚካል ጋር በሚያደርገው ውህደት የሚመጣ ነው። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነክሮ ማንጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ወይባነቱ ሊመለስ፣ ፕላስቲኩም ሊሰባበር ስለሚችል እኔ አልሞክረውም። ፊገር የሚቀመጠው ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ በኩል ባለ ቡፌ ውስጥ ነው።

በቡፌው ላይ ከእናት ጋር መደራደር የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ ነው። በእኛ ቤት የተደረሰበት ስምምነት የታችኛው ደርብ የእኔ፣ የላይኛው የሲኒዎቹ እንዲሆን፣ እንግዳ በሚመጣበት ቀንም ኤሊየን ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዲያዞር ነው።

እርጥበቱን ለመከላከል በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ይሰብስቡ፤ የቡፌውንም በር በክረምት ፀሐይ በወጣች ቁጥር ለግማሽ ሰዓት ይክፈቱት። ካርቶን ከግድግዳ ጋር አይጣበቅ፣ መሬትም አይንካ፤ ከግድግዳው አራት ጣት ያህል ቢርቅ ይበቃል። እኔ ይህን ያወቅሁት በአንድ ክረምት ሦስት ማሸጊያ በሻጋታ ካጣሁ በኋላ ነው።

ለስላሳ ፕላስቲክ የሆኑ ፊገሮች ሲቆዩ እንደ ማር ይጣበቃሉ። ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ ፕላስቲኩን ለማለስለስ የተጨመረው ቅባት ወደ ላይ እየወጣ ነው። ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያጥቡት፣ በጥላ ያድርቁት፤ ከዚያም አየር በሚያገኝበት ቦታ ያቁሙት እንጂ በላስቲክ ከረጢት አያፍኑት፤ የታፈነው መልሶ ይጣበቃል። የደረቀ መገጣጠሚያ ሲያጋጥም በጣም በሞቀ፣ ግን ባልፈላ ውኃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ነክሮ ማንቀሳቀስ ነው። የላላውን ደግሞ አናጢ የሚጠቀምበትን ነጭ ኮላ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ወስዶ በስሱ ቀብቶ፣ እስኪደርቅ ድረስ እያወዛወዙ ማቆየት ነው፤ ዝም ብለው ቢተዉት ይጣበቃል። ሱፐር ግሉ ግን ከቤት ይውጣ። የፈሰሰ ባትሪ የጋገረውን ነጭ ነገር በኮምጣጤ ወይም በሎሚ በተነከረ ጥጥ ጠርጎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ደግሞ ወልውሎ ማድረቅ ነው፤ የገበያው ሮቦቴ በዚህ ዘዴ ድምፁ ተመለሰለት፤ እጁ ግን አሁንም የለም። ከዚያ ወዲህ ባትሪ ውስጡ ትቼ አላውቅም።

ከዘመድ ጋር ለሚላክ ዕቃም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ላኪው ባትሪውን ያውጣ፣ ትንንሹን መሣሪያ ለብቻው በትንሽ ዕቃ ይክተት፤ በተለይ ደግሞ ጠመንጃ መሰል ነገር በእጅ ሻንጣ እንዳይያዝ ይነገረው።

የቀረው ሙግቱ ነው፤ ለእኔ የስብስቡ ፍሬም እሱ ነው። እኛ በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ጁስ ቤት አምስት ሆነን እንገናኛለን፤ ሥርዓታችንንም የወሰድነው ከአባቶች «በልሃ ልበልሃ» ነው። በጥንቱ ሙግት መጀመሪያ ጭብጥ ይያዛል፣ ቀጥሎ ተጠየቅ ይባባላሉ፣ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳሉ፣ ምስክር ይቆጠራል፣ ዳኛ ይፈርዳል። ጭብጥ ሳይያዝ የሚጀመር የፊልም ክርክር ግን ከጩኸት አያልፍም። «ስታር ዋርስ ይበልጣል ወይስ ስታር ትሬክ?» ጭብጥ አይደለም፤ በምን እንደሚበልጥ አልተባለምና። «ስታር ትሬክ በ1969 በሦስተኛ ዓመቱ፣ በ79ኛ ክፍሉ ሲቋረጥ ከመረሳት ያዳነው የተመልካቹ ፍቅር ነው ወይስ ንግዱ?» ግን ጭብጥ ነው፤ ሜጎ የተባለው ኩባንያ የስታር ትሬክ ፊገሮችን ያወጣው ተከታታዩ ከቆመ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1974 መሆኑ ለሁለቱም ወገን ምስክር ሆኖ ሊጠራ ይችላልና።

«ማን ማንን ያሸንፋል?» የሚለውን ጥያቄ እኛ አንቀበልም። የስታር ዋርሱ ዳርት ቬደር የሌላ ፊልም ገዳይ ሮቦት የሆነውን ተርሚኔተርን ቢገጥመው የሚሆነውን የሚመሰክር ሰነድ የለም፤ ምስክር የማይቀርብበት ነገር ደግሞ ለዳኛ አይቀርብም።

ብዙ ጊዜ የሚያጣላው የቀኖና ጉዳይ ነው፤ የትኛው ታሪክ ተቆጥሮ የትኛው እንደማይቆጠር። ዲዝኒ የስታር ዋርስ ባለቤት የነበረውን ሉካስፊልምን በ2012 ከገዛ በኋላ፣ በ2014 ከፊልሞቹ ውጭ ለዓመታት የተጻፉት ልብ ወለዶችና የሥዕል መጻሕፍት «ሌጀንድስ» ተብለው ከዋናው ታሪክ እንዲለዩ ተወሰነ። የአብነት ተማሪ የነበረ አንድ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «እንግዲያው አዋልድ መጻሕፍት ሆኑ በሉኛ፤ ይነበባሉ፣ ግን ከሰማንያ አንዱ አይቆጠሩም» ብሎ ለሁላችንም ነገሩን አቀለለልን። ለሰብሳቢ ጥያቄው ተግባራዊ ነው። ኬነር በ1998 ከእነዚያ ልብ ወለዶች የመጣውን አድሚራል ትሮንን በፊገር መልክ አውጥቶት ነበር፤ በ2014 ገጸ ባሕርዩ ከቀኖና ወጣ፣ በ2016 ደግሞ በአኒሜሽን ተከታታይ በኩል ተመልሶ ገባ። ፕላስቲኩ ግን ያው ነው። በስብስባችን ውስጥ እንዲህ ያለውን ዕቃ በወጣበት ዓመት ሕግ እንጂ በኋላ በመጣ ውሳኔ አንዳኘውም፤ በዚህ ላይ ሙግት ተደርጎ አራት ለአንድ ተፈርዷል። አንዱ እኔ ነበርሁ።

ዳኛ ሲመረጥ ክርክር የተነሣባቸውን ፊልሞች ያላየ ሰው ይመረጥ፤ ያየ ሰው ቀድሞ ወገን ይዟል። ተከራካሪው ማስረጃውን በእጁ ይዞ ይቅረብ፤ በፊገሩ እግር ላይ ያለውን ዓመት ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ባላንጣው እስኪጨርስ አያቋርጥ። የሌላውን ሰው ፊገር ማንሣት የሚቻለው ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ ከጭንቅላቱ ወይም ከእጁ ሳይሆን ከወገቡ ይዞ ነው። የተረታው ለሁሉም ስፕሪስ ይከፍላል፤ ፊገሮቹ ግን ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ ከመድረሳቸው በፊት ወደየሣጥናቸው ይመለሳሉ፤ አቮካዶ መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ በጥርስ ብሩሽም አይወጣም።